ያልተቆረጠው ጨው

አንድ የጨው ነጋዴ ነበር፤ ስሙ ይመር ይባላል። በገበያው ዳር ሱቅ ነበረው፤ ከሱቁ ፊት ደግሞ በጥድ ምሰሶዎች የተደገፈ ሰፊ በረንዳ። ይመር ክፉ ሰው አልነበረም። ሚዛን አይሰርቅም፤ ጨው ላይ አሸዋ አይቀላቅልም። አንድ አመል ብቻ ነበረችበት፤ ባዶ ቦታ ማየት አይችልም። መደርደሪያው ባዶ ከሆነ ይሞላዋል፤ ጓዳው ባዶ ከሆነ ይሞላዋል፤ ሚስቱ ዘነበች ጥቂት ዝም ካለች ዝምታዋን እንኳ በጨው ወሬ ይሞላዋል።

ታዲያ ይህ ሰው በረንዳውን ባየ ቁጥር ያንገበግበው ነበር። ከቆላ ዝንጅብልና በርበሬ ተሸክመው የሚመጡ ሴቶች ሸክማቸውን የሚያወርዱት እዚያ ነው። ዝናብ ሲጥል የሚጠለሉት፣ ልጅ የሚያጠቡት፣ የደከመ እግራቸውን የሚዘረጉትም እዚያው ነው። «ዙሪያውን በግንብ ብዘጋው ስንት ጨው ይይዝልኝ ነበር!» ይላል ይመር። ሲል ሲል ከረመና አንድ ቀን ወሰነ። ድንጋይ አስመጥቶ ከሱቁ ጎን አስከመረ፤ ግንበኞችም በመጪው ሰኞ ሥራ እንዲጀምሩ ተነጋገረ።

ዘነበች ይህን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። እሷም በልጅነቷ ዝንጅብል ተሸክማ የምትመጣ የቆላ ልጅ ነበረች። ከይመር ጋር የተያዩት አንድ የዝናብ ቀን እዚያው በረንዳ ላይ ተጠልላ ሳለች ነው።

«አንተ ሰው፣ እኔንም እኮ ከዚያ ነው ያገኘኸኝ» አለችው።

«አንቺንማ አገኘሁ! ሁለተኛ ሚስት አልፈልግ፤ ከእንግዲህ በረንዳው ምን ይሠራልኛል?» አላት እየሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። «እንግዲህ አባወራው አንተ ነህ። ግን አንድ ነገር ልለምንህ። የሰፈራችን ማኅበር ቅዳሜ ያንን የጥንት የጨው ጉድጓድ ሊጎበኝ ይሄዳል። ዕድሜህን ሙሉ ጨው ስትሸጥ ኖረህ ጨው የሚወጣበትን አይተህ አታውቅም። አብረን ደርሰን እንምጣ፤ ከዚያ ወዲያ የፈለግከውን አድርግ።»

ይመር ነገሩን ሲያስበው አልከፋውም። ጉብኝት የሚባል ነገር ባይጥመውም ጨው ካለበት አገር መሄድ ግን እንደ ሥራ ነው። ቅዳሜ ማለዳ አውቶብስ ላይ ሲወጣ በብብቱ ባዶ ጆንያ ይዟል። ዘነበች አየችውና «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች። «ከጨው ቤት ባዶ እጅ አይመጣማ!» አላት።

ጉድጓዱ ያለው በአንድ ተራራ ሆድ ውስጥ ነው። የቀድሞ ሰዎች ከአያት እስከ ልጅ ልጅ እየተቀባበሉ ቆፍረውታል። አሁን ቁፋሮው ቀርቶ ለጎብኚ ብቻ ክፍት ሆኗል። በር ላይ የተቀበለቻቸው አስጎብኚ አልጋነሽ የምትባል፣ ዘሯ ሁሉ ከዚያው ጉድጓድ ጨው እየቆፈረ የኖረ ጨዋታ ወዳድ ሴት ነች። የይመርን ጆንያ ስታይ ፈገግ አለችና ተቀበለችው። «አባባ፣ ይኼ እዚህ ይጠብቅዎት፤ የትም አይሄድም» አለች። ለሁሉም መብራት ያለው የራስ ቆብ ታደለ። ዘነበች ባሏን ከነቆቡ አይታ «አሁን ገና ሙሽራ መሰልክ!» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከሰሞኑ ኩርፊያ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነበርና ይመርን ደስ አለው።

በእንጨት ደረጃ ወረዱ፣ ወረዱ። አየሩ እየቀዘቀዘ ሄደ። ደረጃው ሲያልቅ ይመር አፉን ከፍቶ ቀረ። የቆሙት እንደ ትልቅ አዳራሽ በተፈለፈለ ቦታ ውስጥ ነው። ግድግዳው ጨው፣ ጣሪያው ጨው፣ የረገጡትም ወለል ጨው። ጣቱን በምራቁ አርሶ ግድግዳውን ነካና ቀመሰ።

«ጨው ነው!» አለ በመገረም።

«ምን መስሎህ ነበር? ስኳር?» አለችው ዘነበች።

ከአዳራሹ መሐል ለመሐል ከወለል እስከ ጣሪያ የሚደርሱ የጨው ምሰሶዎች ቆመዋል። ብዙ እጅ ስላሻሻቸው ወገባቸው ላይ ለስልሰው ያበራሉ። አልጋነሽ ወደ አንዱ ቀረበችና መዳፏን አስቀምጣ «ቆመህ አደርክ?» አለችው። ጎብኚዎቹ ተያዩ።

«ቆፋሪዎቹ ጠዋት ሲገቡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ምሰሶውን ነበር» አለች። «ለሰው እንዴት አደርክ ይባላል። ለምሰሶ ግን ዋናው ነገር ቆሞ ማደሩ ነው። እናንተም እስኪ ሰላም በሉት።»

ሁሉም በየተራ መዳፉን እያስነካ «ቆመህ አደርክ?» አለ። ይመርም አለ። ግን በአንድ እጁ ሰላም እያለ በሌላው ውፍረቱን በስንዝር ይለካ ነበር። እንዲህ ያለ ነጭ ጨው በሱቁ ገብቶ አያውቅም። አላስቻለውም።

«እኅቴ፣ ሰዎቹ ይኼን የመሰለ ጨው ምነው ሳይቆርጡት ቀሩ? እንዲህ ተገትሮ ሲያዩት አላስጨነቃቸውም?»

«እንዴታ! አስጨንቋቸዋል እንጂ!» አለች አልጋነሽ። «ይኼ የቆሙበት የሙሽራው ምሰሶ ይባላል። ያኛው የሹሙ ነው። ይኼ ወፍራሙ ደግሞ የደምሴ ነው፤ ደምሴ አባቴ ነው።»

«አባትሽ ናቸው ያቆሙት?»

«ኧረ አባቴማ ሊቆርጠው ነበር!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አልጋነሽ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቃ የጉድጓዱን ልማድ ነገረቻቸው። የቆፋሪዎቹ ሽማግሌዎች ጣሪያውን ደግፎ እንዲይዝ ሳይቆፈር የተተወ ምሰሶ እንዳይነካ ከልክለው ነበር። አንድ ሰው ይቆረጥልኝ ብሎ አጥብቆ ከለመነ ግን፣ እምቢ ይሉትና ምሰሶውን በስሙ ይጠሩለታል። ሙሽራው ለሠርጉ ድግስ፣ ሹሙ ለአዲስ ቤቱ ማሠሪያ ለምነው ነበር።

«አባቴ ጎረምሳ ሳለ፣ ይኼን የሚያህል ጨው ተገትሮ እኛ በጠባብ ቀዳዳ በሆዳችን እየተሳብን ለምን እንቆፍራለን እያለ ሽማግሌዎቹን ደጅ ጠና። እምቢ አሉትና በስሙ ጠሩት። ያን ጊዜ ስድብ መስሎት አኩርፎ ነበር አሉ። ኋላ ካረጀ በኋላ ግን እየመጣ ጀርባውን ያስደግፍበት ጀመር። እኔ የቆፈርኩት ሁሉ በሰው ወጥ ውስጥ ሟሟ፤ የቀረልኝ ያልቆፈርኩት ነው ይለን ነበር።»

ወደ ውስጥ ዘለቅ ሲሉ በእንጨት አጥር የተዘጋ ክፍል ደረሱ። ከአጥሩ ወዲያ የሚታየው የተከመረ ፍርስራሽ ብቻ ነው።

«የዚህ ክፍል ሰዎች ሽማግሌዎቹን አልሰሙም» አለች አልጋነሽ። «ምሰሶዎቹን ሁሉ ቆርጠው ሸጡ። ጣሪያው የወረደው በበዓል ቀን ስለነበር፣ እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልነበረበትም።»

«የነሱስ ስም ማን ይባላል?» አለ ይመር።

«አይታወቅም። እዚህ ስም የሚቀረው በምሰሶ ነው። እነሱ ደግሞ ምሰሶ አላስቀሩም።»

ሌሎቹ ከጉድጓዱ መጨረሻ ያለውን ኩሬ ሊያዩ ሲሄዱ ይመር ደከመኝ ብሎ ወደ ደምሴ ምሰሶ ተመለሰና ጀርባውን አስደገፈ። ልቡ ግን ሱቁ ጋ ነበር። የበረንዳው የጥድ ምሰሶ ታየው፤ እሱም የቆላ ሴቶች ጀርባ አሻሽቶት በዚያው ወገቡ ላይ ያበራል። እነዚያ ሴቶች ዝናቡ አባርቶ ሲነሡ ባዶ እጃቸውን ሄደው አያውቁም። አንዷ ለቤቷ፣ አንዷ ለጎረቤቷ፣ አንዷ ለከብቶቿ ከሱ ጨው ገዝታ ትቋጥራለች። ከሱቁ ወዲያ ያለው ሌላ ጨው ነጋዴ መጋዘኑ የሱን እጥፍ ሆኖ ሳለ ገበያ የማይቀናው ዕድል ነስቶት ነው ይል ነበር ይመር። አሁን ትዝ ሲለው፣ የዚያ ሰው ቤት ከመንገድ እስከ መንገድ ግንብ ነው፤ እግር የሚያሳርፉበት የለውም። ይመር ባዶ ሲል የኖረውን ቦታ አሰበና አፈረ።

ዘነበች ስታጣው ፈልጋ መጣች። አጠገቡ ተቀመጠች።

«ዘነቡ» አላት።

«አቤት።»

«ያን ቀን በረንዳው ባይኖር የት ትጠለዪ ነበር?»

ዘነበች አሰብ አደረገች። «ከማዶ፣ ልብስ ሰፊው ቤት ነዋ።»

«ልብስ ሰፊው ያን ጊዜ ሚስት ነበረው?»

«አልነበረውም» አለች። ቀጥላም ሳትጠየቅ «መልከ መልካም ነበር» አለች።

በዚያ ቅዝቃዜ ይመርን ላብ አጠመቀው። ዘነበች ሳቋን ዋጥ አድርጋ ክንዱን ያዘችውና ተያይዘው ወጡ። በር ላይ አልጋነሽ ባዶ ጆንያውን ስትመልስለት አመስግኖ አጥፎ ያዘው። አውቶብሱ ውስጥም የሕፃን እንቅልፍ ተኛ።

ሰኞ ጠዋት ግንበኞቹ መዶሻቸውን ይዘው ደረሱ። ዘነበች ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ጣለች። የዚያ በረንዳ ነገር ለሷ የልጅነቷ ነገር ነውና ልቧ ተንጠልጥሎ ነበር።

«ጌታው፣ ግድግዳውን ከየት እንጀምር?» አለ ዋናው ግንበኛ።

«ግድግዳው ይቅር» አለ ይመር። «ድንጋዩን ከምሰሶ እስከ ምሰሶ ዝቅ አድርጋችሁ ደርድሩልኝ። ሰው የሚቀመጥበት መደብ ይሁን። ሸክም ለማውረድ የሚመችም ይሁን፤ ሴቶቹ ብዙ እንዳያጎነብሱ።»

ግንበኛው ሰውዬው ያመመው መስሎት ተመለከተው። ዘነበች ግን በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ሳቀች፤ ዓይኗም እንባ አቀረረ።

ይመር ከዚያ ወዲህ ሱቁን ሲከፍት የጥዱን ምሰሶ በመዳፉ መታ መታ አድርጎ «ቆመህ አደርክ?» ይላል። አመሉ ጨርሶ አልለቀቀውም፤ መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ዛሬም ይነጫነጫል። የበረንዳውን ታሪክ ዘነበች ለአንዷ ነገረች፣ አንዷ ለሌላዋ ነገረች፤ ቆላ ድረስ ተሰማ። በክረምቱ ዝናብ አንዲት አዲስ ገበያተኛ ዝንጅብሏን መደቡ ላይ አውርዳ ጎኗ ያሉትን ሴቶች ጠየቀች።

«ይኼ ቦታ ምን ይባላል?»

«የይመር በረንዳ።»

«ይባርከው! እሱ ነው ያሠራው?»

«ኧረ እሱማ ሊዘጋው ነበር!» አሉ ሴቶቹ ባንድ አፍ። ሳቁ። ከሱቁ ውስጥ ከሁሉም አብልጦ የሳቀው ይመር ነበር።

ወዳጄ፣ የሰው ልጅ የወሰደውን ይበላዋል፣ ይጨርሰዋል፤ ጨው በወጥ እንደሚሟሟ ይሟሟበታል። ማንሣት ሲችል ለሌላው ብሎ የተወው ነገር ግን ቆሞ ይቀራል፤ ቤቱንም ደግፎ የሚይዝለት፣ ስሙንም የሚያስጠራለት እሱ ነው። ስለዚህ ባዶ የመሰለህን ቦታ ከመሙላትህ በፊት ማን ጀርባውን እንደሚያስደግፍበት ጠይቅ፤ ምናልባት አንተም ትገኝበታለህ። አሁን ዓይንህን የጣልክበት፣ ልትቆርጠው እጅህን የሚበላህ ምሰሶ የትኛው ነው? ነገ ጠዋትስ «ቆመህ አደርክ?» ልትለው ትችላለህ?