ሁለት አፍ ያለው ጉድጓድ

ተረት ተረት፣ የጎረቤት!

ባሏን ጭልፊት የነጠቃት እመት ቆቅ ጨለማ ትፈራለች፤ ጎረቤቷ አያ ፍልፈል ደግሞ ብርሃን ይፈራል። ፍልፈል ለጫጩቶቿ ከምድር ሥር ትል እየጎተተ ደጇ ድረስ ሲመላለስ ወገቡ ተቆረጠ።

«አያ ፍልፈል፣ መመላለሱ ይቅርብህ። ጎተራችን ሁለት አፍ ያለው አንድ ጉድጓድ ይሁን፤ አንተ በታችኛው አፍ ሙላ፣ እኔ በላይኛው በር ልልቀም» አለችው።

«ደግ! ሞልቼ ስጨርስ በርሽ ላይ ትኩስ አፈር እገፋለሁ። እሱን ሳታዪ እንዳትነኪ።»

አንድ ቀን ጫጩቶቹ ሲንጫጩባት ቆቅ አፈሩን ሳትጠብቅ ምንቃሯን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች። ያገኘችው የፍልፈልን አፍንጫ ነበር። በእፍረት ሸሸች፤ ልጆቿም ጦማቸውን አደሩ።

በማግስቱ በሯ ላይ ትኩስ አፈር ተቆልሏል። ለመቅረብ ስታመነታ ከሥር ድምፅ መጣ፦ «ነይ እንጂ እቴ! አፍንጫ ይድናል፤ የልጅ ሆድ ግን ቀጠሮ አያውቅም።»

ቆቅ ዛሬም ከመልቀሟ በፊት አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ፍልፈል ከሥር ይጠራት እንደሆነ ታዳምጣለች።