አያ ቢያድግልኝ የጠፋውን ሙክት እንዴት እንዳልበላ

አያ ቢያድግልኝ የሚባል ሰው ነበረ ይላሉ። ነበረ ያሉኝ ሰዎችም ከሰው የሰሙ ናቸው፤ ለእነሱ የነገሯቸውም እንደዚያው። ስለዚህ ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው፤ የእኔ ፋንታ ማውራት ብቻ ነው። ይህ ሰው መሬት የለውም፣ ሚስት የለችውም፤ ያለችው ወለላ የምትባል አንዲት በቅሎ ናት። ጉልበቱን ስለሚያመው ያለ እሷ የትም አይደርስም። የትም ካልደረሰ ድግስ አያገኝም፣ ድግስ ካላገኘ ደግሞ ይራባል። ስለዚህ ወለላን በልቡም በሆዱም ይወዳት ነበር።

አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርቶ ወደ አንድ መንደር ሄደ። በደረሰ ማግስት የጓንጉል ሙክት ፍየል ጠፋ። ጓንጉል የመንደሩ ሀብታም ነው፤ የመንደሩ ንፉግም እሱው ነው። ሙክቱን ለበዓል አርደዋለሁ ይልና ያሰባዋል፣ በዓሉ ሲደርስ ይሳሳና ለሚቀጥለው ያሸጋግረዋል። ፍየሉ እንዲህ ሲሸጋገር ኖሮ ጥርሱ መርገፍ ጀምሮ ነበር። ሲጠፋበት ጊዜ ጓንጉል ጩኸቱን አቀለጠው፤ ሠርግ ቤቱ ድረስ መጥቶም የአያ ቢያድግልኝን ጋቢ ጨምድዶ ያዘ።

“ሌባው አንተ ነህ! አንተ እስክትመጣ ድረስ ሙክቴ ደኅና ነበር። አንተ መጣህ፣ በማግስቱ ጠፋ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ?”

አያ ቢያድግልኝ ይግጠው የነበረውን አጥንት ከአፉ አወጣ።

«ሚስትህም እኮ በመጣሁ ማግስት ነው የተገላገለችው። ልጁንም የእኔ ነው ልትል ነው?»

ሠርገኛው ሁሉ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጓንጉል ግን ዓይኑ ደም ለበሰ፤ የጋቢውን ጫፍ ከአያ ቢያድግልኝ ጋቢ ጫፍ ጋር አጥብቆ ቋጠረው። በዚያን ዘመን ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ ተቆራኝተው ነው ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት። ዳኛ እስኪፈታቸው ድረስ አንዱ ከተቀመጠ ሌላውም ይቀመጣል፣ አንዱን ሆዱን ከቆረጠው ሌላውም አብሮ ቁጥቋጦ ይገባል።

*

መንገዱ ሩቅ ነው። አያ ቢያድግልኝ በበቅሎው እንዳይሄድ ጓንጉል ተንጠልጥሎበታል፤ ሁለቱም እንዳይወጡ ጓንጉል ወፍራም ነው። ወለላ ባዶ ጀርባዋን ይዛ ከኋላ ትከተላለች፣ ጌታዋ ከፊት ያነክሳል። ጓንጉልም በየእርምጃው ይሰድበዋል።

“አንተ ምን ታደርግ፣ ከዘርህ ነው! አባትህም ድግስ ለድግስ ሲዞሩ ነው የኖሩት። የእሳቸው ልጅ ከሌባ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?”

«ያንተ አባት ለሰው የማይሰስቱ ደግ ነበሩ ይባላል። ለመሆኑ አንተ የማን ልጅ ነህ?»

ጓንጉል ነገሩ የገባው ጥቂት እርምጃ ከሄደ በኋላ ነው መሰለኝ። ሲገባውም ቋጠሮውን በንዴት ሲጎትት ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ።

*

ረፋዱ ላይ ጥላ አገኙና ተቀመጡ። ጓንጉል ከአገልግሉ ድፎ ዳቦ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ብቻውን መብላት ያዘ። አያ ቢያድግልኝ ምራቁን ይውጣል፣ ሆዱ ይጮኻል።

“ሌባ መሆንህን” አለ ጓንጉል እየጎረሰ “መንደሩ በሙሉ ይናገራል። ያ ሁሉ ሰው ሊሳሳት ነው?”

“ያ ሁሉ ሰውማ አንተንም ንፉግ ነው ይላል” አለ አያ ቢያድግልኝ።

ጓንጉል የጎረሰውን ሳይውጥ ጮኸ። “እኔ? እኔ ንፉግ? ውሸታሞች! እንካ፣ ብላ!” ብሎ ከዳቦው ገምሶ ወረወረለት። አያ ቢያድግልኝ ሳይቸኩል በላ፤ ፍርፋሪውንም ከጋቢው ላይ እየለቀመ ጨረሰ። ከዚያ አፉን ጠረገ።

«እግዜር ይስጥልኝ። መንደር በሙሉ ሊሳሳት እንደሚችል በገዛ ዳቦህ አስረዳኸኝ።»

*

ዳኛው ፊታውራሪ ይመኑ ናቸው። ምሳቸውን በልተው፣ ራሳቸውን ቅቤ ተቀብተው፣ ከሾላ ዛፍ ሥር ችሎት ተቀምጠዋል። ሁለቱን ተቆራኝተው ሲመጡ አዩና ዓይናቸው አልፏቸው ሄዶ ወለላ ላይ አረፈ። ከጆሮዋ እስከ ኮቴዋ አዩዋት። አያ ቢያድግልኝ ይህን ሲያይ ደስ አላለውም።

በዚያ ዘመን ሙግት ያለ ውርርድ አይሟሟቅም። አንዱ ቃሉን ሲያጠነክር “ይህን እሰጥ!” ብሎ ይወራረዳል፤ ሌላው ከዚያ የበለጠ ይጠራል። የተረታው የጠራውን ገቢ ያደርጋል፤ የሚቀበለው ዳኛው ነው። ጓንጉል ተነሣና “ሌባው ይህ ሰው ለመሆኑ ማር እሰጥ!” አለ፤ ወዲያው ደንግጦ “ጥቂት ማር” ብሎ ጨመረበት። ችሎት ለማየት የተሰበሰበው ሕዝብ ሲስቅ ጊዜ አያ ቢያድግልኝ ሞቅ አለው። ጋቢውን አጣፍቶ፣ በትሩን መሬት ላይ መትቶ፣ ቋጠሮው የፈቀደለትን ያህል ዘለለ።

“ላለመስረቄ በቅሎ እሰጥ!”

ይህን ካለ በኋላ ነው በቅሎዋ የማን እንደሆነች ትዝ ያለው። ፊታውራሪም “ሰማችሁ አይደል? በቅሎ ብሏል” ብለው ጢማቸውን ዳበሱ። ከዚህ በኋላ ከሳሹ ሁለት ሆነ ማለት ነው፤ አንዱ ፍየሉን የሚፈልግ፣ ሌላው በቅሎዋን።

*

ጓንጉል ምስክር አለኝ አለና ከኋላ ተከትሏቸው የመጣውን መንበሩ የሚባል ጎረቤቱን አቀረበ። መንበሩ ቀረበ፣ ማለ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

“ጌታዬ፣ ሙክት የበላ ሰው ጢሙ በስብ ያበራል። ይህንን ማንም ያውቃል። ፍየሉ በጠፋ ጠዋት የዚህን ሰው ጢም አየሁት፤ ያበራል። እንግዲህ ሙክቱን በልቷል።”

“ደግ መሰከርክ! ለዚህ ምን ይወጣለታል!” አሉ ፊታውራሪ።

አያ ቢያድግልኝ እጅ ነሥቶ ወደ ምስክሩ ዞረ።

«አያ መንበሩ፣ የፊታውራሪ ጢም ዛሬ ከእኔ ይልቅ ያበራል። ሙክቱን መልሱ በልልኛ!»

ፊታውራሪ ጢማቸውን በኩታቸው ጠረጉ። መንበሩ ወደ ቦታው የተመለሰው ወደ ኋላው እየሄደ ነው።

*

ፊታውራሪ ሌላ መንገድ ሞከሩ። “ምስክርም አያስፈልግ። ሌባ ነህ።”

“በምን አወቁ ጌታዬ?”

“ሌባ ባትሆን ተቆራኝተህ እዚህ አትመጣም ነበር።”

“የተቆራኘሁትስ ለምንድን ነው?”

“ሌባ ስለሆንክ ነዋ!”

አያ ቢያድግልኝ ቋጠሮውን ከፍ አድርጎ ለሕዝቡ አሳየ።

«ተቆራኝቶ የመጣ ሁሉ ሌባ ከሆነ ጓንጉልም ከእኔ ጋር ነው የታሰረው። ይኸው ሌቦቹ ሁለት ሆንን፤ ለአንድ ፍየል አልበዛንም?»

ጓንጉል ቋጠሮውን ለመፍታት ታገለ፤ እሱ ራሱ ነበርና ያጠበቀው እንቢ አለው።

*

ፊታውራሪ ተናደዱ። ነገር ግን ድምፃቸውን አለስልሰው፣ እንደ ቀልድ አድርገው ጠየቁ።

“እስቲ ተወው። ሙክቱን ከበላህ በኋላ ቆዳውን የት አደረግከው?”

አሁን እዚህ አድርጌያለሁ ቢል አለቀለት፤ የትም አላደረግሁም ቢልም በላሁ እንደማለት ነው። ጓንጉል አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። አያ ቢያድግልኝም አልተቻኮለም።

“እርስዎ በቅሎዬን ሲነጥቁኝ ኮርቻዋን ካስቀመጡበት ቦታ ነው ያስቀመጥኩት፣ ጌታዬ።”

“በቅሎህን መቼ ነጠቅሁህ?” ብለው ጮኹ ፊታውራሪ።

«እኔስ ሙክቱን መቼ በላሁ?»

*

በዚህ መሀል ከንጉሡ የተላከ መልእክተኛ ደረሰና ከፊታውራሪ ጎን ተቀመጠ፤ ጠጅም ቀረበለት። ፊታውራሪ በእንግዳ ፊት መረታት አልፈለጉም። አሽከራቸውን ጠቀሱት፤ አሽከሩም ሄዶ የወለላን ልጓም ያዘ።

“ነገሩን እናሳጥረው። አልበላሁም ብለሃል፤ አለመብላትህን አስረዳ። ማስረዳት ካቃተህ በልተሃል፤ በቅሎዋም ለእኔ ገቢ ሆነች።”

አያ ቢያድግልኝ ወደ በቅሎው ዞረ። ያላደረገውን ነገር ከየት አምጥቶ ያሳይ? ወለላም ወደ እሱ እያየች ጆሮዋን ታወዛውዛለች። እንባው ሊመጣ ምንም አልቀረውም ነበር። መልእክተኛውን አየ፣ ፊታውራሪን አየ፣ ከዚያ ወገቡን ሰበር አድርጎ እጅ ነሣ።

“ጌታዬ፣ በንጉሡ ላይ ለመሸፈት አስበው ያውቃሉ?”

“እኔ? ምን ይላል ይሄ! አስቤም አልሜም አላውቅ!”

መልእክተኛው ብርሌውን አስቀመጠና ጆሮውን ሰጠ።

«እንግዲያው አለማሰብዎን ያስረዱ። እርስዎ ሲጨርሱ እኔ ከዚያው እቀጥላለሁ።»

ፊታውራሪ ወደ መልእክተኛው ዞረው ሳቅ ለማለት ሞከሩ፤ ሳቁ እንቢ አለ። “ሰው... ሰው ያላደረገውን እንዴት ያስረዳል?” አሉ እየተንተባተቡ፤ ያሉትን ራሳቸው ሲሰሙትም ላብ አሰመጣቸው። ልጓሙን ልቀቅ ብለው አሽከሩ ላይ ጮኹበት። ቋጠሮውንም ጎንበስ ብለው በገዛ እጃቸው ፈቱት።

አያ ቢያድግልኝ ወለላን አንገቷን አቅፎ ሳማት፤ ደስታው ሰው ፊት መሆኑን አስረስቶታል። ከዚያ እያቃሰተ ወጣና ኮርቻው ላይ ተደላደለ። ይሄን ጊዜ ጓንጉል ጋቢውን መሬት ለመሬት እየጎተተ ሮጠና መንገዱ ላይ ቆመበት። አሁንም አልበረደለትም።

“ቆይ! ዳኛ ፈታህ ማለት አልሰረቅህም ማለት አይደለም። አንተ ካልበላኸው ንገረኝ፣ ታዲያ ሙክቴን ማን በላው?”

አያ ቢያድግልኝ ልጓሙን ሳብ አድርጎ ጎንበስ አለለት።

«የበላውን እንኳ አላውቅም። ያልበላውን ግን አገር ያውቀዋል፤ አንተ ነህ።»