ቀድማ የምትጨርሰው ልጅ

አንድ የሒሳብ መምህር በአንዲት ትንሽ ከተማ ያስተምር ነበር። ስሙ ደምሰው ይባላል። ደግ ሰው ነው፤ ጥፋቱም የመጣው ከደግነቱ ነው።

በክፍሉ አይናዲስ የምትባል ተማሪ ነበረችው። መምህሩ ጥያቄ ጽፎ ጠመኔውን ሳያስቀምጥ እሷ ሠርታ እጇን ታወጣለች። እሱም ደስ ይለውና እንደ ትምህርት ቤቱ ልማድ ይሸልማታል። ሽልማቱም ይህ ነበር፤ ቀድሞ የጨረሰ ተማሪ ሌሎቹ እስኪጨርሱ ሰሌዳው አጠገብ ቆሞ የሚረብሹትን ልጆች ስም ይጽፋል። ስሙ የተጻፈ ይንበረከካል። ብዙዎቻችን ያደግነው እንዲህ ነው፤ ክፋት አለው ብሎ ያሰበ አልነበረም።

አይናዲስ በየቀኑ ቆመች፤ በየቀኑ ጻፈች። ጓደኞቿ በየቀኑ ተንበረከኩ። ወደ ቤት ስትሄድ አብሯት የሚሄድ ጠፋ። ያወቀችውን ነገር ሌላው እስኪያውቀው ቆሞ መጠበቁ ደግሞ ከዚህም ይብስ ነበር።

ዓመቱ ሲጋመስ ልጅቷ እያደር ጥሬ ሆነች። ከመጨረሻዎቹ ጋር ማስረከብ ጀመረች። በቀላል ጥያቄ ትሳሳታለች። አንደኛ ትወጣ የነበረችው ልጅ ከመሀል ገባች። እናቷ ወይዘሮ ብርቅነሽ ተጠርታ መጣች።

«የሰው ዓይን ነው የበላብኝ፣ መምህር» አለች። «መንደሩ ሁሉ ‹የብርቅነሽ ልጅ፣ የብርቅነሽ ልጅ› ሲል ከርሞ የለ? ጸበል አስጠምቄያታለሁ፤ አልለቀቃትም።»

መምህሩም ራሱን ነቀነቀ። ዓይን ነው ከተባለ የሚጠየቅ ሰው የለም።

አንድ ቀን ግን ጥያቄ ሰጥቶ ከክፍሉ ጀርባ ቆመ። አይናዲስ ከሁሉ ቀድማ ሠራች። ቀና ብላ ዙሪያዋን ቃኘች። ማንም አልጨረሰም። ወዲያው ትክክለኛውን መልስ በላጲስ አጥፍታ ሌላ ቁጥር ጻፈችበት። መምህሩ ይህን በዓይኑ አየ።

በእረፍት ሰዓት ለብቻዋ ጠራት።

«የኔ ልጅ፣ እያወቅሽ ለምን ትሳሳቻለሽ?»

አንገቷን ደፋች። «ቀድሜ ብጨርስ ምን አገኛለሁ፣ ቲቸር? መቆም ነው። ቀስ ካልኩ ግን ከጓደኞቼ ጋር እቀመጣለሁ።»

መምህር ደምሰው ወደ ጓደኞቿ ሸኛት።

በዚያው ሳምንት የገዛ ልጁን ይዞ ዩኒፎርም ሊያሰፋለት ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደ። «ሰፋ አድርገው» አለ። «እጅጌውንም አስረዝመው፤ ያድግበታል።» ልብስ ሰፊው ልኩን ወስዶ ሸኛቸው። ከመምህሩ አፍ የወጣው ቃል ግን አብሮት መንገድ ገባ። ለልጁ ገላ ማደጊያ ቦታ ይተዋል። ለአይናዲስ አእምሮ ምን ተወላት? ከሰሌዳው አጠገብ አንድ የመቆሚያ ቦታ! አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ሰኞ ጠዋት ርዕሰ መምህሯ ቢሮ ገባ። «እትዬ አልጋነሽ፣ የተሰበሩ ወንበሮች ያጎርንበትን ክፍል ይስጡኝ። ትምህርቱ የቀለላቸው ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ከበድ ያለ ነገር ይሞክሩበት።»

«አድልዎ አይሆንም? የቀሩት ልጆችስ ምን ይላሉ?»

«ለክፍሉ ልጅ ሁሉ በአንድ ልክ ዩኒፎርም ብንሰፋ እኩል አለበስናቸው ይባላል?»

ርዕሰ መምህሯ ቁልፉን አወጡ። «ወንበሮቹን ግን አንተው ታወጣቸዋለህ» አሉት።

ስም መጻፉ ቀረ። ክፍሉ ተጠረገ። በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህሩ ከየክፍሉ ለመጡት ልጆች አንድ ጥያቄ ሰጣቸው፤ «የሰንደቅ ዓላማውን መስቀያ ሳትወጡበት ቁመቱን ንገሩኝ።»

አይናዲስና ሌሎቹ ልጆች ገመድ ይዘው ወጡ። ጥላውን ለኩ፤ ተከራከሩ፤ መልስ ይዘው መጡ።

«አይደለም» አላቸው።

የልጅቷ ፊት ቅጭም አለ። ከዚያ ድንገት ዓይኗ በራ። «ቆይ! ቲቸር፣ እንዳይነግሩን!» ብላ ገመዱን እየጎተተች ሮጠች። ሌሎቹም ተከተሏት። መምህር ደምሰው በመስኮት ሲያያቸው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ይህኛው ስህተቷ የእውነት ነበር።

ወይዘሮ ብርቅነሽ እስከ ዛሬ ልጄን ያዳናት ጸበሉ ነው ትላለች። መምህሩም አልተከራከራትም።

ወዳጄ ሆይ፣ «ጎበዝ ልጅ ምን ይሆናል፣ ራሱን ይችላል» እያልን የምንተወው ልጅ ብዙ ነው። ፈጣን ልጅ ሁልጊዜ ቆሞ እንዲጠብቅ ከተደረገ ዝግታን ይማራል፤ ያንንም እንደ ሌላው ትምህርት ቶሎ ይማረዋል። ስንፍናውን ዓይን ላይ ከማላከካችን በፊት ያስቆምነው እኛ እንዳንሆን እንይ። ለልጆቻችን ልብስ ስናሰፋ «ያድግበታል» እንላለን። ለትምህርታቸውስ እንዲህ ያልነው መቼ ነው?