የታጠበው ሹራብ

«ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም» አለች መምህርት ዘርፌ፣ ዓይኗን ከጠረጴዛው ሳታነሣ። «ለባሌም አልነገርኩት። ዛሬም አንቺ ባትጠይቂኝ ኖሮ ይዤው እቀር ነበር።»

የጠየቀቻት ሲፓራ ናት። ገና ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ የአጥቢያው የፊልም አገልግሎት አዘጋጅ ናት። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ የመዘምራን ልብስ በሚሰቀልበት ክፍል ውስጥ፣ አዲስ ድርሰቷን ይዛ መጥታለች። ድርሰቱ በዚያው ከተማ ስለሚኖር አንድ ዓይነ ስውር ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ዓይኑ ከጠፋ አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ብዙ ተጸልዮለታል፤ አልበራለትም። እርሱ ግን ሬዲዮውን በጣቱ እየዳሰሰ ይጠግናል፣ ደንበኞቹን በእግራቸው ኮቴ ይለያል፣ እሑድ ከሁሉ ቀድሞ መጥቶ ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ታሪኩን ለፊልም ሲሰጣቸው «እንዳለ አድርጉት» ብቻ ነው ያላቸው። ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ ቀረጻ ይጀመራል።

«መምህርት፣ መጨረሻው ላይ ዓይኑ ቢበራ ምን አለበት?» ብላ ነበር ሲፓራ የጠየቀችው። «ጌታ እንደሆነ ማብራት አያቅተው። እርስዎ ደግሞ የአማርኛ መምህርት ነዎት፤ እኔ የሞከርኩትን እንዲያምር አድርገው ይጻፉልኝ። ሰው አልቅሶ፣ ተጽናንቶ ነው መውጣት ያለበት።»

«ከርዕሱ ሥር ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ?»

«‹በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ› ነዋ!» ሲፓራ ሳቀች። «እሱ ከሌለበትማ ማን ያየዋል?»

መምህርት ዘርፌ ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማ ሰው የለም። ተማሪ ስትገሥጽ እንኳ የሚቀላው የእርሷ ፊት ነው። አሁን ግን ድርሰቱን ዘግታ ወደ ጎን ገፋችው።

«በቀጥታ ልመልስልሽ ብል አፌ እሺ አይለኝም» አለች። «እንደ ሌላ ሰው ታሪክ አድርጌ ልንገርሽ።» ከዚያ ጀመረች።

አንዲት ሴት ነበረች። የተማረች ነበረች። በሰው ፊት ቆማ አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማትችል ነበረች፤ ወረቀት ላይ ግን ሰው ታስለቅስ ነበር። የምትጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ፊልም መሥራት ሲጀምሩ ድርሰቱን እንድትጽፍ ለመኗት። እሺ አለች። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፤ ስሟ እንዳይወጣ። አዘጋጁ ደስ አለውና፣ ማን እንደሆነች ሳይጠቅስ፣ «ስሜ አይጻፍ የምትል ደራሲ አለችን፤ እንዲህ ያለ ትሕትና የት ይገኛል!» ብሎ በጉባኤ ተናገረ። ሕዝቡ አሜን አለ። ትሕትና አልነበረም። መደበቅ ነበር። ሰው ትሕትና ነው ካለ ግን ምን አከራከረኝ ብላ ዝም አለች።

በዚያችው ከተማ አንዲት እናት ነበረች። አንድ ሴት ልጅ ብቻ ነበረቻት። ልጅቱ በዘጠኝ ዓመቷ ኩላሊቷን ታመመች። ተጸለየላት። እናትየዋ ሃያ አንድ ቀን ጾመችላት። ልጅቱ አንድ ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ ሞተች።

እናትየዋ ልጇን በቀበረች በሁለተኛው ሳምንት ወደዚያው ሆስፒታል ተመለሰች። ከገጠር የታመመ ልጅ ይዘው የሚመጡ እናቶች ከልጃቸው አልጋ ተነሥተው ልብስ የሚያጥቡበት ፋታ እንደሌላቸው ልጇን ስታስታምም አይታ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ከጓሮው ቧንቧ ሥር እየተቀመጠች የማታውቃቸውን ልጆች ልብስ ታጥብ ጀመር። ብርድ ልብስ ያጠበች ቀን አብሮ የሚጨምቅላት ስለሌለ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው ጋር አስራ ብቻዋን ትጠመዝዘው ነበር። በጉባኤ ቆማ ስትመሰክርም ያለችው ይህን ብቻ ነው፦ «ልጄን ወሰዳት። ለምን ብዬ ጠይቄዋለሁ፤ እስካሁን ዝም ብሎኛል። ሐሙስ ሲመጣ ግን ከቧንቧው ሥር አብሮኝ ይቀመጣል።»

ወጣቶቹ ይህን ሰምተው ታሪኳን ፊልም እናድርገው አሉ። የምትጽፈው ሴት ታሪኩን ከአፏ ልትሰማ ቤቷ ሄደች። እናትየዋ ሁሉንም ነገረቻት። ሲጨርሱ ከሣጥን ውስጥ አንድ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ሹራብ አወጣች። አንዱ ቁልፉ ጠፍቶ በቀይ ተተክቷል። ልጅቱ ሆስፒታል የገባችው ያንን ለብሳ ነበር።

«የሰውን ሁሉ ልብስ አጥባለሁ፤ ይሄን ግን አላጠብኩትም» አለች። «ጠረኗ አለበት። ለፊልሙ ይረዳችሁ እንደሆነ ውሰጂው። አደራሽን ግን፣ ውኃ እንዳይነካው።»

ሴቲቱ አደራውን ተቀብላ ወጣች።

መጀመሪያ እንደተነገራት ጻፈችው። ሞቷን ጻፈች፣ ቧንቧውን ጻፈች። አዘጋጁ አንብቦ ራሱን ነቀነቀ። «እህቴ፣ ልብስ ማጠብ ፊልም ይሆናል እንዴ? ልጅ ሞታ የሚያልቅ ፊልም ይዘን ሰውን ምን ልንለው ነው? ጌታ ማስነሣት አያቅተውም። አንቺ አታሳንሺው እንጂ!»

አታሳንሺው ያላት ነገር አስደነገጣት። በማግስቱ ከመምህራን ማረፊያ ተቀምጣ፣ በአንድ ባዶ ክፍለ ጊዜ፣ ሌላ መጨረሻ ጻፈች። እናት ሦስት ቀን ትጾማለች። ሐኪሙ መነጽሩን አውልቆ «ከዚህ በላይ ከእኛ አቅም ውጭ ነው» ይላል። ልጅቱ ዓይኗን ትገልጣለች። ሴቲቱ እየጻፈች አለቀሰች። ለሞተችው ልጅ አልነበረም ያለቀሰችው፤ ለገዛ አጻጻፏ ነበር።

የቀረጻው ቀን አልባሳት የምታሰናዳዋ እህት ሹራቡን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ፊቷን አጨፈገገች። «ውይ፣ ይሄማ ይሸታል! አንገትጌውን እዩት። እንዲህ ሆኖ ካሜራ ፊት አይቀርብም።» ሳሙና ወዳለበት ሳፋ ወሰደችው። አደራ የተቀበለችው ሴት ሁለት እርምጃ ርቀት ላይ ቆማ ነበር። «ተይው» ልትል አፏን ከፈተች። ሰው ብዙ ነበር፤ አዘጋጁም ፀሐይ ሳትሄድብን እያለ ይጣደፋል። አፈረች። አፏን መልሳ ገጠመችው። ውኃው ጠቆረ።

«ወይ እማማ!» አለች ያቺ የምታጥበው፣ «የሰው ሲያጥቡ የራሳቸውን ረስተውታል!» ሁሉም ሳቁ። አደራ የተቀበለችው ሴትም ሳቀች። እርሷም ሳቀች።

ፊልሙ የታየው እሑድ ከሰዓት በኋላ በአዳራሹ ውስጥ ነው። መስኮቶቹ በጥቁር ጨርቅ ተሸፈኑ። እናትየዋን አበባ አስይዘው ፊት አስቀመጧት። መጨረሻው እንደተለወጠ የነገራት የለም፤ «ሰርፕራይዝ ነው» ተባብለው ነበር። ስክሪኑ ላይ ታሪኩ እውነተኛ እንደሆነ የሚናገረው ጽሑፍ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ልጅቱ አልጋዋ ላይ ቀና ስትል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ሴቲቱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። ፊልሙን አላየችም፤ የእናትየዋን ማጅራት ነበር የምታየው። አልተንቀሳቀሰም።

መብራት በራ። አዘጋጁ ማይክ ይዞ «ባለታሪካችን ወደ መድረክ!» አለ። የተወነችው ሕፃን ሹራቡን እንደለበሰች ሮጣ እናትየዋን አቀፈቻት። እናትየዋም አጎንብሳ አቀፈቻት፤ ሕፃን ናት፣ ምን ታድርግ። እንዳጎነበሰች አፍንጫዋን ከአንገትጌው አኖረች። ቆየች። ሰዉ አለቀሰች ብሎ አጨበጨበ። ቀና ስትል ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«አጠባችሁት» አለች አዘጋጁ ባስጠጋላት ማይክ።

ምን እንዳለች የገባው አልነበረም። አዘጋጁ ፈገግ አለ። «እማማ፣ እስቲ ጌታ ያደረገውን ይንገሩን!»

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«መንፈስ ቅዱስ ነዋ እማማ!» አለ አዘጋጁ ወደ ሕዝቡ ዞሮ። ሕዝቡ አሜን አለ።

«እሱ የጻፈውንማ አውቀዋለሁ» አለች እናትየዋ። «እኔ ነኝ የቀበርኩት። እኔ የምጠይቀው ይሄኛውን የጻፈውን ሰው ነው።»

 ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ስባ ተቀምጣ ነበር። እናትየዋ ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ሹራቡን ቀስ ብላ ከሕፃኗ ላይ አወለቀች፣ አጠፈችው፣ በመካከለኛው መተላለፊያ ወጥታ ሄደች። አዘጋጁ «ስሜት ነው፣ ስሜት ነው» ብሎ መዝሙር አስጀመረ።

ፊልሙ ከተማ ለከተማ ዞረ። ሰዎች በእርሱ ዳኑ ተባለ። የዚያች እናት ጎረቤቶችም አዩት። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ አዝነውላት ነው የጠየቋት። «በፊልሙ ላይ ያቺ እናት ሦስት ቀን ጾማ ልጇ ተነሣችላት። እርስዎ ምን ጎድሎብዎት ይሆን?» ሃያ አንድ ቀን የጾመችን ሴት! አንዱ ጠየቃት፣ ሌላዋም ጠየቀቻት። በስተመጨረሻ ወደዚያ አዳራሽ መምጣት አቆመች፤ ከሐሙሷ ቧንቧ ግን አልቀረችም። የጻፈችው ሴት ደግሞ ዝም እንዳለች አሥራ አንድ ዓመት ሆናት።

መምህርት ዘርፌ አቆመች። ሲፓራ ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

«ያንን ፊልም እኮ አይቼዋለሁ» አለች። «ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። ፊልም ልሥራ ያልኩት በእሱ ነው። መምህርት… የጻፈችው ሴት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ግን እኔ በእሱ አይደል የተጽናናሁት? ታዲያ ሁሉም ውሸት ነበር ልበል?»

መምህርት ዘርፌ ተነሣች። ፊቷ ቀልቶ ነበር፤ በዚያን ቀን ግን ከዕፍረት አልነበረም።

«ስሚኝ፣ ልጄ። የእግዚአብሔርን ታሪክ መጨረሻ የሚያርም ሰው ያንን ሹራብ ያጠበችውን ሴት ይመስላል። እድፍ መሰላት። ጠረን ነበር! አንቺ እንድትጽናኚ ያቺ እናት ያላትን የመጨረሻ ነገር ሳፋ ውስጥ ዘፈቅነው። ከዚያ ብሶ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ ነው አልን። ጌታ ጠበቃ አጥቶ ነው እኛ የምንዋሽለት? ተአምሩስ እዚያው ፊታችን አልነበረም? ልጇን የቀበረች ሴት የሌሎችን ልጆች ልብስ ታጥባለች። እኛ ይህን ቆርጠን ጣልነውና ከራሳችን ተአምር ፈጠርን!»

 ድርሰቱን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

«ይሄም ሰውዬ ያው ነው። ጨለማው ለእናንተ እድፍ ነው። ለእርሱ አሥራ ሁለት ዓመት ከአምላኩ ጋር የኖረበት ቤቱ ነው። ‹እንዳለ አድርጉት› አላችሁ እኮ፤ አደራ ማለቱ ነው! ዓይነ ስውር ነው፣ አያየውም ትሉ ይሆናል። እልልታውን ይሰማል። ከጎኑ የተቀመጠው ሰውም እጁን ይዞ ‹የአንተስ እምነት ምን ጎድሎት ነው?› ይለዋል። ያን ጊዜ የት ትቀመጫለሽ? ሦስተኛው ረድፍ ላይ?»

ሲፓራ ድርሰቱን አነሣች፣ ዓይኑ የሚበራበትን ሦስት ቅጠል ከመጨረሻው ገንጥላ አጣጥፋ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞረች።

«እናትየዋ ማን እንደጻፈው አወቁ?»

«አላወቁም።»

«እስከ ዛሬ?»

መምህርት ዘርፌ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች። ዓይናፋርነቷ ተመልሶ መጥቶ ነበር። «ነገ ሐሙስ ነው» አለች በዝግታ።

በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ አስፈቅዳ ወደ ሆስፒታሉ ጓሮ ሄደች። እናትየዋ፣ እማማ ላቀች፣ ከቧንቧው ሥር ነበሩ። ፀጉራቸው ነጥቷል። ከባድ ግራጫ ብርድ ልብስ ከሳፋው እየጎተቱ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው ጋር ሊያስሩ ይታገላሉ። መምህርት ዘርፌ ፊታቸው ቆመች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ አንዱም ቃል አልመጣላት።

«እማማ፣ የፊልሙን መጨረሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች። «ሹራቡም ሲታጠብ ቆሜ አይቻለሁ።»

እማማ ላቀች ቀና ብለው አዩዋት።  ውኃው ከብርድ ልብሱ እየተንጠባጠበ እግራቸውን ያረጥበዋል። ከዚያ ከቧንቧው ላይ የጀመሩትን ቋጠሮ ፈቱና እርጥቡን ጫፍ ወደ እርሷ ዘረጉላት።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢ» አሏት።

እጅጌዋን ሰብስባ ያዘች። እርሳቸው ወደ ቀኝ፣ እርሷ ወደ ግራ ጠመዘዙ።