ሁለቱ የደም ገጾች

በአንድ ወቅት፣ አውራ ጎዳና በሚያቋርጣት አንዲት የቆላ ከተማ፣ ተዋበች የምትባል ነርስ የሆስፒታሉን ደም ባንክ ትጠብቅ ነበር። ምን ያህል ደም እንዳለ የሚያሳያትን ፕሮግራም የሠሩላት ወንድምና እህት ናቸው፤ ዳምጠውና የሺመቤት።

የዳምጠው ገጽ ካልከፈቱት በቀር የደም መዝገቡን የያዘውን ዳታቤዝ ምንም አይጠይቅም። ሲከፈት ደግሞ ስለ እያንዳንዱ የደም ከረጢት ለየብቻ እየተመላለሰ ይጠይቃል። የሚያመጣው የዚያችን ደቂቃ እውነት ነው፤ ሥራ ሲበዛ ግን ይንቀራፈፋል። ነርሶቹ ሲያማርሩ «ከፈጠነ ውሸት የዘገየ እውነት ይሻላል» ብሎ እምቢ አለ።

የሺመቤት አላስቻላትም። «ቁስለኛ ቆሞ አይጠብቅም» አለችና የራሷን ገጽ ሠራች። የእሷ ጠዋት ሁሉንም ባንዴ ጠይቆ ይይዛል፤ በተከፈተ ቁጥር ያንኑ ወዲያው ያሳያል። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «የጠዋት መረጃ» ብላ ጽፋበታለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ገደል ገባ። ቁስለኛው ኮሪደሩን ሞላው። ስንዱ የምትባል ልጃገረድ ደሟ እየፈሰሰ ነው፤ የሚስማማትም ብርቁ የደም ዓይነት ኦ ኔጋቲቭ ብቻ። አባቷ አቶ ፈለቀ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ «ደማችን አንድ ነው፤ ከእኔ ውሰጂ ልጄ» አሏት ተዋበችን።

ተዋበች የዳምጠውን ገጽ ከፈተች። ሁሉም ክፍል እየከፈተው ስለነበር ይሽከረከራል እንጂ አይመጣም። ልጅቷ እየገረጣች ነው። ተዋበች ወደ የሺመቤት ገጽ ዞረች፤ ኦ ኔጋቲቭ፣ ሁለት ከረጢት። ነፍሷ መለስ አለ።

«አባቴ፣ ደም አለ። ከአውቶቡሱ ቆስለው ሌላ ክሊኒክ ወደ ተወሰዱት ባለቤትዎ ይሂዱ» አለቻቸው።

ሄዱ። ተዋበች የደም ማቀዝቀዣውን ስትከፍተው የኦ ኔጋቲቭ ቦታው ባዶ ነው። ሁለቱም ከረጢቶች ረፋዱ ላይ ምጥ ለጠናባት ሴት ተሰጥተው ኖሯል። አባትየው ተፈልገው፣ ደማቸው ተቀድቶ፣ ተመርምሮ እስኪደርስ ስንዱ አረፈች።

ከቀብር በኋላ ሦስቱም ለቅሶ ሊደርሱ ሄዱ። አቶ ፈለቀ «እንዴት ሆነ? ንገሩኝ» አሉ።

«የእኔ ገጽ አልዋሸም» አለ ዳምጠው፣ አንገቱን ደፍቶ።

«የእሱ ቢከፈት ኖሮ የእኔን ማንም አያይም ነበር» አለች የሺመቤት።

ተዋበች እንደ ምንም ብላ፣ «ማቀዝቀዣው ከኋላዬ ነበር፤ እርስዎን ከመሸኘቴ በፊት ዞሬ አላየሁም» አለች።

አቶ ፈለቀ ሦስቱንም ተራ በተራ አዩ። «ሁላችንም ነን አትበሉኝ፤ እንዲያ ያለ መልስ ማንም አይደለም እንደ ማለት ነው።»

አድማጮቼ ሆይ፣ ለኚህ አባት ማንን ትጠቁሟቸዋላችሁ?