የይስማው ገመድ

ቀጭን ውሃ ገበያ ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው አንድ አባባል ሳይሰማ አይመለስም። ልጁን ድሮ ጎጆ ካወጣ በኋላ እየተመላለሰ የምራቱን ወጥ የሚቀምስ አባት ካለ ይሉታል። ለወንድሙ መሬት ሰጥቶ «ጤፍ አትዝራ፣ ገብስ ዝራ» እያለ ድንበሩ ላይ የሚቆም ካለ ይሉታል። አንድ ጊዜማ ከሊቀ መንበርነት ወርዶ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ የሄደ ሰው ነበርና፣ እሱንም ብለውታል። እንግዳ ሰው ስለ ከብት የሚወራ ይመስለዋል። ምን ያድርግ፣ ከየት እንደመጣ አያውቅ! አባባሉ የመጣው ከአንድ ባለሱቅ፣ ከአንድ ሙክትና ከአንድ ገመድ ነው።

ባለሱቁ ይስማው ይባላል። ስሙ ይስማው ይሁን እንጂ ግራ ጆሮው ጭራሽ አይሰማም፤ ቁም ነገር ያለው ሰው ዞሮ በቀኙ ይመጣለታል። ጨው፣ ሳሙና፣ ሚስማርና ገመድ ይሸጣል። በኋላ ስንስቅበት ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ ከአሁኑ መናገር ይሻላል፤ ይስማው ክፉ አይደለም። ልቡ ሰጪ ነው። ችግሩ ጣቶቹ ናቸው፤ ልቡ መስጠቱን ዘግይተው ነው የሚሰሙት። ለቅሶ ቤት ስኳር ይዞ ይሄድና ዘንቢሉ እስኪመለስለት በር ላይ ይቆማል። ለጎረቤቱ ምሳር ያውስና እንጨቱ ተፈልጦ እስኪያልቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ሚስቱ የሻረግ «ያንተ ስጦታ ጠባቂ አለው» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ያለጊዜው ቀርቶ አዝመራው አልሆነም ነበርና፣ ጳጉሜ ሲገባ ብዙ ቤት ልጁን ምን አልብሶ ትምህርት ቤት እንደሚልክ ጨነቀው። ዩኒፎርም የለ፣ ደብተር የለ። ይሄኔ የሴቶች እድር ሰብሳቢ እማማ ዘርፌ «ልጅ ቤት ቁጭ ብሎ ዓመት አይቀየርም» ብለው ተነሡ። ጨረታ ይደረግ አሉ፤ የጨረታውንም ደንብ እሳቸው አወጡ። ብር አይጠራም፤ የሚጠራው ደብተርና የዩኒፎርም ጨርቅ ነው። ያሸነፈም ሰው የጠራውን ሰጥቶ «ድገሙት» ይላል እንጂ በጉን ይዞ አይሄድም፤ በጉ ለሌላ ተጫራች ይቀርባል። ተጫራች ሲያልቅ ነው በጉ የመጨረሻውን ሰው የሚከተለው። እንዲህ እየተደጋገመ አንድ በግ ስንቱን ልጅ ያለብሳል። በጉ ከሌለ ግን ጨረታ የሚባል ነገር የለም።

በጉን እኔ እሰጣለሁ ያለው ይስማው ነው። ያውም ለእንቁጣጣሽ ብሎ ክረምቱን ሙሉ ያደለበውን ሙክት! ሰው ጉድ አለ። የሻረግ ግን ምክንያቱን ታውቅ ነበር። ይስማው ሦስተኛ ክፍል ሳለ ሱሪው ከበስተኋላው ተቀደደና ልጆቹ ሳቁበት። እንዳያዩበት ፊቱን ወደ እነሱ አድርጎ፣ የኋሊት እየተራመደ እቤቱ ደረሰ። ያን ቀን ከትምህርት ቤት እንደወጣ ቀረ። ይህን ነገር ለማንም አላወራም፤ ለየሻረግ ብቻ አንድ ቀን ነግሯታል።

የጨረታው ቀን ጠዋት ሙክቱን እየጎተተ ትምህርት ቤቱ ግቢ ወስዶ የኳስ ሜዳው ጎል እንጨት ላይ አሰረው። እማማ ዘርፌ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «እጅህ አይንጠፍ! የሰጠኸው በእጥፍ ይመለስልህ!» ብለው መረቁት። እልል ተባለ። ይስማው በሕይወቱ እንዲህ በአደባባይ ተመርቆ አያውቅምና፣ ደስታው እግሩን መሬት ሳያስነካው እቤቱ ገባ።

ምሳ ቀረበ። ሁለት ጉርሻ እንደጎረሰ ዓይኑ ግድግዳው ላይ ካለች ሚስማር ላይ አረፈ። ሚስማሯ ባዶ ናት።

«ገመዴ!» አለ።

«የምን ገመድ?» አለች የሻረግ።

«በጉ አንገት ላይ ቀረ! እኔ በጉን ነው እንጂ ገመዱን መቼ ሰጠሁ?»

«አንተ ሰውዬ፣ ሱቅህ ሙሉ ገመድ አይደለም እንዴ?»

«እሱ የሚሸጥ ነው። ይሄ የኔ ነው። ክረምቱን ሙሉ ቃጫ እየገመድኩ በገዛ እጄ የሠራሁት!»

«ተው ይስማው፣ የተመረቀ ነገር አይነካም።»

«የተመረቀው በጉ ነው» ብሏት ካፖርቱን ደርቦ ወጣ።

ትምህርት ቤቱ ሲደርስ ግቢው ጭር ብሏል፤ ዘበኛው እንኳ ለምሳ ወጥቷል። ይስማው ኪሱን በርብሮ ዕቃ የሚያስርበት ቁራጭ ሲባጎ አገኘ። «ምን አለበት፣ በግ ነው እንጂ አንበሳ አይደል» አለና በጉን በሲባጎ አሰረው። ገመዱን ፈትቶ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለ። ሙክቱንም ጀርባውን መታ መታ አድርጎ «በል፣ ልጆቹን አደራ» ብሎት መንገዱን ቀጠለ።

አይ ይስማው! አንድ ነገር ረስቷል። ያንን በግ ያደለበው ከዚያው ካፖርት ኪስ ጨው እያወጣ፣ በመዳፉ እያላሰ ነው። በጉ ካፖርቱ ሲርቅበት አየ። አንዴ አንገቱን ወዘወዘ፣ ሲባጎዋ ጧ ብላ ተበጠሰች። ከዚያማ ምን ይጠብቃል? ኮቴውን እያንኳኳ ጌታውን ተከተለ፤ በግራው በኩል፣ በማይሰማው ጆሮ በኩል።

መጀመሪያ ያገኙት ልብስ ሰፊውን ታምሬን ነው። ሜትሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ ልጆቹን ሊለካ ከበረንዳው እየወረደ ነበር። ይስማውን አየ፤ ከኋላው ሙክቱን አየ።

«ጋሽ ይስማው! ምነው፣ መልሰው ወሰዱት እንዴ?»

ይስማው ትከሻው ላይ ያለውን ገመድ ዳሰስ አደረገ። «ወሰድኩት፤ የኔ አይደል?»

«ሰጥተውት አልነበር?»

«ኧረ ማን ሰጠ! ሲመርቁኝ ደስ ብሎኝ ረስቼው ሄድኩ እንጂ።»

«ረስተውት?» ታምሬ ዓይኑን ማመን አቃተው። «ምርቃቱስ ታዲያ?»

«ምርቃቱማ ከኔው ጋር ነው፣ የት ይሄዳል!»

«ለዓመት በዓሉ ሊያደርጉት ነው?»

«ለዓመት በዓልም ይሆናል፣ ለአዘቦትም ይሆናል። ስንት ወር የደከምኩበት ነው እኮ!»

ታምሬ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠቀለለና ወደ በረንዳው ተመለሰ። ይስማው ሰውዬው ለገመድ ይህን ያህል መጨነቁ ገርሞት ሳቅ እያለ አለፈ።

ድልድዩ ጋ ፈንታነሽ መጣች። አባቷ ከሞተ ወዲህ እናቷ የሰው ልብስ እያጠበች ነው የምታሳድጋት። በዚህ ዓመት አራተኛ ክፍል ትገባለች፤ ማለት ዩኒፎርሙ ከተገኘ ነው። ፊቷን ታጥባ፣ ፀጉሯን ቅቤ ተቀብታ ለልኬት እየሄደች ነበር። በጉን ስታይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ጋሼ፣ እሱ ለእኛ አይደለም እንዴ?»

«ለእናንተ?» ይስማው ከልቡ ሳቀ። «አይ የኔ ልጅ! ሕፃን ልጅ ምን ያደርግበታል? እኔ ቤቴ ወስጄ እሰቅለዋለሁ።»

ፈንታነሽ ሙክቱን አየችው። ከዚያ ዞራ ወደመጣችበት ሮጠች። እያለቀሰች መሆኑን ይስማው አላየም፤ «የዛሬ ልጅ ሩጫ ብቻ ነው» እያለ ሄደ።

የሻረግ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ገና ከሩቅ ስታያቸው ጭንቅላቷን ይዛ «በሞትኩት!» አለች። «ምን አደረግክ አንተ ሰው?»

«ገመዴን አመጣሁ ነዋ!»

«በጉስ?»

«የቱ በግ?»

የሻረግ በአገጯ ወደ ኋላው አመለከተችው። ይስማው ዞረ። ሙክቱ አፍንጫውን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ጨው ይፈልጋል።

ይስማው መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም። ቀስ በቀስ ግን የተናገረው ሁሉ እየተመለሰ መጣበት። የኔ አይደል ብሏል። ምርቃቱም ከኔው ጋር ነው ብሏል። ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

«ቤቴ ወስጄ እሰቅለዋለሁ አልኳት» አለ።

«ማንን?»

«ፈንታነሽን። እየሳቅኩ ነው ያልኳት። የሻረግ፣ ያኔ የሳቁብኝ እንኳ ሱሪዬን አልወሰዱብኝም።»

የሻረግ ክንዱን ይዛ ሳበችው፤ አሁን የሚያባብሉት ሰዓት አይደለም። «ተነሥ! ጨረታው ሳይበተን መልሰው።»

«በጓሮ በኩል ልውሰደው፣ ሰው እንዳያየኝ።»

«በአደባባይ አምጥተህ በጓሮ ልትመልስ? እንዲያማ ካደረግክ ሌባ ነኝ ማለትህ ነው። በመጣህበት ሂድ!»

ይስማው ገመዱን በጉ አንገት ላይ አሰረና ሳበ። እንግዲህ የበግ ነገር! ሳያስሩት ከተማውን አቋርጦ የመጣው ሙክት ሲያስሩት አራት እግሩን ተክሎ እምቢ አለ። ይስማው ቢስበው፣ ቢገፋው፣ ቢለምነው ወይ ፍንክች። ሌላ መላ አልነበረም። ጨው በመዳፉ ይዞ፣ ፊቱን ወደ በጉ አዙሮ፣ የኋሊት መራመድ ጀመረ። ትልቅ ሰው፣ ከነካፖርቱ፣ በዋናው መንገድ፣ የኋሊት! ሴቱ ከየበሩ ብቅ አለ፤ ሕፃኑ ተከተለ። ይስማው ፊቱ ቢቀላም አልቆመም። ፈንታነሽ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ግን ቆመና ጮኾ ተጣራ።

«ፈንታነሽ! ነይ ውጪ! በጉ የናንተ ነው፤ እኔ ደንቆሮው ሳልሰማ ነው የተናገርኩት!»

ፈንታነሽ ዓይኗ ቀልቶ በበሩ አጮለቀች። ሰውዬውን አየች፣ ጨውን አየች። መጥታ በጉን ከኋላው መግፋት ጀመረች።

ትምህርት ቤቱ ሲደርሱ ሕዝቡ ሊበተን ነጠላውን እያራገፈ ተነሥቷል። ወሬው ቀድሟቸዋል። ይስማው መሐል ሜዳ ላይ ቆሞ «ገመዱን ብቻ ነው የወሰድኩት፣ በጉ ራሱ ተከትሎኝ ነው» ቢል ማን ይመነው! ታምሬ «አይ፣ እኔ ራሴ ጠይቄዎ የኔ ነው ብለውኛል» አለ። ሰዉ አጉረመረመ። ይስማው አንገቱን ደፋ። ይሄኔ ዘበኛው ከጎል እንጨቱ ላይ ቁራጭ ሲባጎ ፈትቶ ከፍ አድርጎ አሳየ።

«ይህችን ያሰራት ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ይስማው።

«ሙክት? በሲባጎ?»

መጀመሪያ የሳቁት እማማ ዘርፌ ናቸው። ከዚያ ሜዳው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ታምሬ «ምርቃቱም ከኔው ጋር ነው!» እያለ ሆዱን ይዞ ተቀመጠ። ይስማውም ሲስቁ አይቶ ሳቀ፤ የሦስተኛ ክፍሉ ሳቅና የዛሬው ሳቅ አንድ አልሆነበትም።

ጨረታው ተጀመረ። በጉን እንጨት ላይ ማሰር የደፈረ ስላልነበረ ገመዱን ይስማው ራሱ ይዞ ቆመ። አንዱ ደብተር በደርዘን ጠራ፣ ሰጠ፣ «ድገሙት!» አለ። ሌላዋ ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ጠራች፣ «ድገሙት!» አለች። ሳቁ ልብ ከፍቶ ኖሮ፣ እማማ ዘርፌ ካሰቡት በላይ ተሰበሰበ። በመጨረሻ ታምሬ ተነሥቶ «የልጆቹን ሁሉ ስፌት በነፃ!» ብሎ ጠራ። ከዚያ በላይ የሚል ጠፋ። እልልታው ቀለጠ። ፈንታነሽም የመጀመሪያዋ ተለኪ ሆና ቀረበች፤ ታምሬ በዚያው ቆሞ ትከሻዋን ለካ፣ «ለሚቀጥለው ዓመትም እንዲሆንሽ ሰፋ አድርጌ ነው የምሰፋልሽ» አላት።

ሜትሩን ሰብስቦ በጉን ሊወስድ ወደ ይስማው መጣ።

«ውሰደው ወንድሜ፣ ይባረክልህ» አለ ይስማው ከልቡ።

ልቡ ይህን ሲል ጣቶቹ ወደ በጉ አንገት ሄዱ። ማንም አላዘዛቸውም። ቀስ ብለው ቋጠሮውን ይፈቱ ጀመር።

«እንዴ! እንዴ!» አለ ሜዳው በሙሉ። ፈንታነሽ ዘላ የበጉን አንገት በሁለት እጇ አቀፈች። ይስማው ምን እንደተፈጠረ ሳይገባው ዙሪያውን አየ፤ እማማ ዘርፌ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ ሜዳውን አቋርጠው፣ ዞረው በቀኝ ጆሮው በኩል መጡና እጃቸውን በእጁ ላይ አሳርፈው እንዲህ አሉት፦ «ይስማው ልጄ፣ በጉን ከሰጠህ ገመዱን ልቀቅ።»