ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ

ተረት ተረት! ጆሮ ያለው ይስማ፣ እንቅልፍ ያለው ይተኛ።

አያ ጃርትና እመት ጦጢት ከወንዝ ማዶ ሾላ ለመልቀም በየማለዳው ውኃው ውስጥ የተደረደሩትን ድንጋዮች እየረገጡ ይሻገሩ ነበር። ጃርት ጥንቁቅ ነውና «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፤ ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ» ሳይል አይራመድም። ችኩሏ ጦጢት ከኋላው ሆና ትነጫነጫለች።

«ኧረ አያ ጃርት፣ ሾላውን ወፍ ጨረሰው! ድንጋይ ያው ድንጋይ ነው፤ ረግጦ ማለፍ ነው እንጂ ምን ያስዜምሃል?»

አንድ ማለዳ ጃርት «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፤ ትንሽ…» ብሎ እግሩን እንዳነሣ ቀረ። ጦጢት በላዩ ዘላ ልታልፍ ስትል እሾሁን አቁሞ ከለከላት።

«ቆይ እስቲ፤ እዚህ ጋ ትንሽ ነበር መምጣት ያለበት፤ ይኼ ግን ትልቅ ነው» አላት።

ይኼኔ «ድንጋዩ» ዓይኑን ገለጠ። ለካስ አዞ ኖሯል!

«ማን ነገረህ?» አለ አዞ በንዴት።

«ያለፍናቸው ድንጋዮች» አለው ጃርት።

አዞም አፍሮ ወደ ጥልቁ ገባ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከፊት የምትመራው ጦጢት ናት። «ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ» እያለች ትሄድና፣ ጥርጣሬ ሲገባት ተመልሳ ከመጀመሪያው ድንጋይ ትጀምራለች። ጃርትም ከኋላዋ ቆሞ ይጮኻል፦

«ኧረ እመት ጦጢት፣ ሾላውን ወፍ ጨረሰው!»